«ተሠራልን» እና «ተሠራብን»፦ በከተማ መልሶ ማልማት ቃላት ላይ የቀረበ ማብራሪያ

ደብረ ማርቆስ ቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን በደጃዝማች ተድላ ጓሉ የተቆረቆረችው ይህች ከተማ የዛሬ ስሟን ያገኘችው በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ነው፤ ስሙም በወንጌላዊው ማርቆስ ስም ከተሠራው ቤተ ክርስቲያን የመጣ ነው። አንድ ሕንፃ ሲቆም የአገር ስም አብሮ ሊለወጥ እንደሚችል ለማስረዳት ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አያስፈልገንም። ዛሬ በከተሞቻችን የሚቆሙት ሕንፃዎች የከተሞቹን ስም አልለወጡም፤ የነዋሪውን መጠሪያ ግን ለውጠዋል። ትናንት ባለይዞታ፣ ተከራይ፣ ጎረቤት፣ የዕድር አባል ይባል የነበረው ሰው በጽሕፈት ቤት መዝገብ ላይ «የልማት ተነሺ» ሆኖ ይገኛል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሕንፃዎቹን ጥቅምና ጉዳት ማመዛዘን አይደለም፤ ያ የሌሎች ባለሙያዎች ድርሻ ነው። እኛን የሚመለከተን ቃሉ ነው። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞችም ከተዛመተ ወዲህ ከእንግሊዝኛ የሚመለሱ የፕሮጀክት ሰነዶች፣ የስብሰባ ጥሪዎችና ቃለ ጉባኤዎች በተርጓሚዎች እጅ በብዛት ያልፋሉ። እነዚህ ጽሑፎች መደርደሪያ ላይ ለመቀመጥ ብቻ የሚዘጋጁ አይደሉም፤ በስብሰባ ላይ ይነበባሉ፣ ነዋሪውም ሰምቶ ይፈርምባቸዋል። ስለዚህ ተርጓሚው የመረጠው ቃል የፈራሚው ፈቃድ አካል ይሆናል ማለት ነው።

እንደሚታወቀው አማርኛ አንድ ነገር ለማን ወይም በማን ላይ እንደተደረገ በግሡ ውስጥ አስገብቶ ይናገራል። በግሡ ላይ የሚቀጠሉት «ል» እና «ብ» ከተሳቢ አመልካች ምዕላድ ጋር ተዋሕደው ድርጊቱ የጠቀመውን ወይም የጎዳውን ሰው ያሳያሉ። «ጤና ጣቢያ ተሠራልን» የሚል ሰው ደስታውን ይገልጻል። «ፎቅ ተሠራብን» የሚል ደግሞ ፀሐይ የከለለበትን፣ የጣራ ውኃ የሚያወርድበትን ወይም መውጫ መግቢያውን የዘጋበትን ሕንፃ ይከሳል። ሕንፃው ያው አንድ ሕንፃ ሊሆን ይችላል፤ በአንዲት ፊደል ልዩነት አንዱ ምስጋና፣ ሌላው አቤቱታ ይሆናል። ነዋሪው ስለ አዲስ ግንባታ የሚሰማውን ለማወቅ ረጃጅም መጠይቅ የሚያዘጋጁ ሰዎች ይህችን ፊደል ቢያዳምጡ ብዙ ወረቀት በተረፋቸው ነበር።

የጽሕፈት ቤት አማርኛ ግን ሁለቱንም ፊደሎች ይሸሻል። «ግንባታው ተከናውኗል»፣ «ቤቶቹ ተነሥተዋል» ይላል እንጂ ለማን ወይም በማን ላይ እንደሆነ አይናገርም። ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመን «ከሦስተኛ ወገን ነፃ የሆነ መሬት» የሚለው ሐረግ ነው። በቤቱ ተወልዶ ያደገው ሰው ሦስተኛ ወገን ከተባለ፣ አንደኛውና ሁለተኛው ወገን እነማን እንደሆኑ መጠየቅ ተገቢ ነው።

እዚህ ላይ ተርጓሚ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። «ብ» ሁልጊዜ ጉዳትን አያመለክትም፤ ቦታን፣ መሣሪያንና ሁኔታንም ያመለክታል። «መሬቱ ሆቴል ተሠራበት» ቢባል ስለ ቦታ መናገር ነው፤ «ሰውየው ሆቴል ተሠራበት» ቢባል ግን በደል አለ። ትርጉሙን የሚለየው የሚነገርለት ነገር መሬት ወይም ሰው መሆኑ ነው። የ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 በርዕሱ «የመሬት ይዞታ የሚለቀቅበትን ሁኔታ» ሲል የሚናገረው ስለ መሬት ነው፤ «ብ»ም ሁኔታን ብቻ ታመለክታለች፣ ለቃቂውም አይታይም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 በርዕሱ ላይ ሰዎችን አስገብቶ «ተነሺዎች መልሰው የሚቋቋሙበትን» የሚል ጨምሯል። ሰው በርዕስ ላይ መጠቀሱ ያለ ጥርጥር መሻሻል ነው። ሆኖም ሰዋስዉን ልብ ብሎ ለሚመረምር፣ የ«የሚቋቋሙ» ባለቤት ተነሺዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ የሚያቋቁማቸው ማን እንደሆነ ርዕሱ አይናገርም።

«ተነሺ» የሚለው ቃል ራሱ ሰፋ ያለ ምርመራ ይገባዋል። በ«ተ» የሚጀምሩ ብዙ የአድራጊ ስሞች ተጓዳኝ አሏቸው፦ ከሳሽና ተከሳሽ፣ አበዳሪና ተበዳሪ፣ አከራይና ተከራይ። አንዱን የሰማ ሌላውን ያስባል፤ ተከሳሽ ካለ ከሳሽ መኖሩን ማንም አይጠራጠርም። «ተነሺ» ግን ብቻውን የቆመ ነው። «አስነሺ» የሚል ቃል በሕግም ሆነ በደብዳቤ አንመለከትም። በዚህ ላይ «ተነሣ» በዛሬው አማርኛ ሰው በገዛ ፈቃዱ የሚያደርገው ነገር ነው፤ ከመቀመጫው፣ ከእንቅልፉ፣ ለጉዞ ይነሣል። ስለዚህ «ተነሺ» ሲባል የሚታየው ነጠላውን አጣፍቶ በራሱ ጊዜ የሄደ ሰው ነው። የቃሉን ሥር ወደ ኋላ ስንከተለው ደግሞ ሌላ ነገር እናገኛለን፦ ግዕዙ «ነሥአ» ወሰደ ማለት ሲሆን፣ አማርኛው «ነሣ» እስከ ዛሬ ድረስ «እንቅልፍ ነሣኝ» እንደሚባለው ከለከለ፣ አሳጣ የሚል ትርጉም ይዟል። እንግዲህ በዘሩ ብንሄድ «ተነሺ» የተነፈገ ሰው በሆነ ነበር፤ ነገር ግን ይህን ሰዋስው አዋቂው እንጂ አድማጩ አይሰማውም።

በሌሎች አገሮች ነገሩ በተቃራኒው የሄደበት አለ። በአቢጃንና በሌሎች የምዕራብ አፍሪካ ከተሞች በሚነገረው ፈረንሳይኛ ቤቱ የፈረሰበት ሰው «ደጌርፒ» ይባላል። ግሡ በመደበኛው ፈረንሳይኛ ቶሎ ብሎ መሄድ ማለት ሲሆን ተሳቢ የማይቀበል ነው፤ የከተሞቹ ተናጋሪዎች ግን ተሳቢ እንዲቀበል አድርገው «እገሌን ደጌርፒ አደረጉት» በሚል ስሜት ይጠቀሙበታል። በዚህም የተሰወረውን አድራጊ መልሰው አምጥተውታል። የእኛም ሕዝብ በቃል ሲናገር «አስነሡን»፣ «አፈረሱብን» ስለሚል ከዚህ የራቀ አይደለም። «ተነሺ» በሕግ የገባና የተለመደ ስለሆነ ይሻር አንልም፤ በሠንጠረዥና በቅጽ ላይ ያገልግል። በማስታወቂያና በቃለ ጉባኤ ላይ ግን አድራጊው በስሙ ተጠቅሶ «ማዘጋጃ ቤቱ ከይዞታቸው ያስነሣቸው ነዋሪዎች» ተብሎ ቢጻፍ ትክክለኛም ግልጽም ይሆናል።

«ካሳ» እና «ምትክ» የሚሉት ጥንድ ቃላት ደግሞ የሚያስቸግሩት ትርጉም በማጣት ሳይሆን ትርጉም በመብዛታቸው ነው። በደጋው ሽምግልና ካሳ የሚከፈለው በዳይ በደሉን ካመነ በኋላ ነው፤ ገንዘቡ የዕርቁ አንድ ክፍል እንጂ ዕርቁ ራሱ አይደለም። በአዋጅ የሚነገረው ካሳ ግን የንብረት ግምት ነው፤ በዳይ የለበትም። ስለዚህ ነዋሪው ካሳ ሲባል ሰምቶ «ምነው ይቅርታ የጠየቀን የለም?» ብሎ ቢያስብ ቃሉ ያስተማረውን ማሰቡ ነው። ሁለቱም ቃላት የሰው ስም መሆናቸውን እናስታውስ። ልጅ ከሞተ በኋላ የሚወለደው ልጅ ካሳ፣ ካሳሁን፣ ምትኩ፣ ምትኬ ይባላል። ይህ አሰያየም የጠፋው ነገር በዋጋ የማይተመን መሆኑን አምኖ የሚነሣ ነው። ከዚህ አንጻር የ2011ዱ አዋጅ ከንብረት ካሳ ሌላ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ የሚከፈል ካሳን መደንገጉ፣ የቃሉን ጥንታዊ ስሜት በከፊል የመለሰ ይመስለናል። ከዕድሩና ከማኅበሩ፣ ቡና ከሚጣጣው ጎረቤቱ መለየት ጉዳት መሆኑ በሕግ ቋንቋ ተነግሯልና።

የቃላትን የቦታ ትዝታ ካላወቁ መተርጎም አደገኛ መሆኑን ጎጃም በሁለት ቃላት ታሳየናለች። አንደኛው «ሰፈራ» ነው። «ሰፈር» እና «ሰፈራ» የአንድ ግሥ ልጆች ሲሆኑ፣ ሰፈር መጀመሪያ የጦር ማረፊያ ነበር፤ ቆይቶም የጎረቤት መኖሪያ ሆነ። «ሰፈራ» ግን በ1977 ዓ.ም. ከድርቁ ወዲህ በተካሄደው ዘመቻ ምክንያት ሌላ ጠባይ አገኘ። በዚያ ጊዜ ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች ሰዎች የተጓዙበት የመተከሉ ፓዌ ያን ጊዜ በጎጃም ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበረ። ስለዚህ ከከተማ ወደ ከተማ ዳር የሚዛወርን ሰው ጉዳይ «መልሶ ማስፈር» ብሎ የሚተረጉም ሰው፣ አድማጮቹ የጭነት መኪናና የበረሃ ወባ ቢያስቡ ሊደነቅ አይገባውም። «ማዛወር» ወይም «ምትክ መኖሪያ መስጠት» የሚሉት ሸክማቸው ቀላል ነው።

ሁለተኛው «መለካት» ነው። ለቀያሹ ይህ ንጹሕ የሙያ ቃል ነው። በጎጃም ግን የርስት ባለቤት ለሆነው ገበሬ የመሬት መለካት ቀላድን ያስታውሳል፤ ቀላድ ገመድ ሲሆን፣ በሌሎች አገሮች መሬት በእርሱ ተለክቶ ርስት ለሌላ መተላለፉ በወሬ ይታወቅ ነበር። በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ምክንያት ጎጃም ላይ አመፅ ሲነሣ፣ ከግብሩ መጠን ይልቅ ብዙዎችን ያስቈጣቸው መሬታችን ሊለካ ነው የሚለው ሥጋት ነበር። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ከተማው እየሰፋ ወደ እርሻው ሲደርስ የገበሬው የመጀመሪያ ጥያቄ «ልትለኩብን ነው?» ቢሆን፣ በዚያች «ብ» ውስጥ የአያቶቹ ሥጋት አለ። ተርጓሚው «ልኬት ይካሄዳል» ከማለት ይልቅ ማን፣ ለምን ጉዳይ እንደሚለካና ከልኬቱ በኋላ ይዞታው በማን ስም እንደሚጸና አከታትሎ ቢጽፍ ይመረጣል።

ስለ ሕንፃዎቹ አካል መጠሪያዎች ብዙ የምንለው የለም። በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 370 የተደነገገውን «የጋራ ሕንፃ» ሕዝቡ አልተቀበለውም፤ ኮንዶሚኒየም ብሎ፣ አሳጥሮም ኮንዶ ብሎ ይኖርበታል፤ ይህም አያስከፋንም። የሚያሳስበን «ምድር ቤት» ነው። ለአንዳንዱ ከመሬት በታች ያለው፣ ለሌላው ከመሬት ጋር እኩል የሆነው ክፍል ነው። ምትክ የንግድ ቤት በምድር ቤት ይሰጥሃል የተባለ ባለ ሱቅ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ራሱን ሊያገኝ ስለሚችል፣ በውል ላይ «ከመሬት በታች» ወይም «ከመንገዱ ጋር እኩል» ተብሎ በግልጽ መጻፍ አለበት።

«የጨረቃ ቤት» ደግሞ ያለ ፈቃድ ሌሊት በጨረቃ ብርሃን የተሠራ ቤት ነው፤ የሕጉ አማርኛ «ሕገ ወጥ ግንባታ» ይለዋል። ሁለቱ አቻ አይደሉም። አንደኛው ቤት ይለዋል፣ ሁለተኛው ቤትነቱን ነሥቶታል። በመዝገበ ቃላት «የጨረቃ ቤት» ራሱን ችሎ በዋና ቃልነት እንዲገባ፣ ከፍቺውም ጋር በውስጡ ሰው የሚኖርበት መሆኑ እንዲጠቀስ ሐሳብ እናቀርባለን።