ስለ ትልልቅ የገጠር መኪናዎች ሞቶር ረጅም ዕድሜና ስለ ፍሳሹ

ለእርሻ ሥራ የሚያገለግል ነገር ሁሉ ጠባቂ ይፈልጋል። ገበሬው ጧት ተነሥቶ ቀንበር ከመጫኑ በፊት የበሬውን ዐይንና አፍንጫ ያያል፤ ማመስኳቱንም ይመለከታል፤ ያላመሰኳ በሬ መታመሙን ያውቃልና እስኪወድቅ ድረስ አይጠብቅም። በመሥሪያ ቤትና በእርሻ ባለቤት ደጅ የሚቆመው ትልቁ መኪና ግን፣ ዋጋው የብዙ ጥማድ በሬ ዋጋ ሆኖ ሳለ፣ ጧት ጐንበስ ብሎ ከሆዱ በታች ያለውን መሬት የሚያይለት ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም። ስለዚህ ሞቶር የሚሞተው በእርጅና ብቻ ሳይሆን ይልቁንም ችላ በተባለ ፍሳሽ መሆኑን፣ ፍሳሹም በጊዜ ቢታይ በትንሽ ገንዘብ የሚታገድ መሆኑን፣ መኪና በእጃቸው ላለ አስተዳዳሪዎች፣ ሹማምንትና የእርሻ ባለቤቶች ሁሉ ከዚህ በታች እንገልጻለን።

በአገራችን የእርሻ ሚኒስቴርና የመጀመሪያው አውቶሞቢል እኩዮች ናቸው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የእርሻ ሥራም የራሱ ሚኒስትር ተደረገለት፤ በዚያው ዓመት ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የምትባለውን መኪና ከጅቡቲ ተነሥቶ በበረሓው በኩል አዲስ አበባ አድርሷል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓይነት መኪና መጥቶ ሄዷል፤ በገጠሩ መንገድ ከሁሉ ይልቅ የጸናው ግን የጃፓኑ ቶዮታ ላንድክሩዘር ነው። 70 ተብሎ የሚጠራው ዓይነት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1984 የወጣ ሲሆን፣ በ1990 ደግሞ 1ኤችዜድ የሚባለው የናፍጣ ሞቶር ገባበት። ይህ ሞቶር 6 ሲሊንደርና 4,164 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይዘት ያለው ነው፤ ተርቦ የለውም፤ ኀይሉ መካከለኛ ሲሆን ትዕግሥቱ ግን ብዙ ነው። በደንብ ከተያዙት መካከል ሳይከፈቱ ከ500,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሄዱ እንዳሉ በየአገሩ የታወቀ ነው። የክትባት መድኃኒት፣ ምርጥ ዘርና የእርሻ ባለሙያ ወደ ወረዳና ወደ ቀበሌ ሲያደርሱ ከኖሩት መኪናዎች ብዙዎቹ የዚህ ወገን ናቸው።

አሁን ግን ይህን ነገር ከቀድሞው ይልቅ አጥብቆ ማሰብ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። በ2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት መወሰኑ ተነግሯል። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ገንዘብ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ፣ ቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው 1 ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ ከውጭ የሚመጣውም መለዋወጫ ዋጋው ከፍ አለ። እንግዲህ ዛሬ በእጅ ያለው የናፍጣ መኪና ሞቶሩ ቢሞት ተተኪው በቀላሉ አይገኝም። በበጋ የቆመ መኪና ምናልባት ወጪ ብቻ ነው፤ በዘር ወራት ወይም የከብት በሽታ በተነሣ ጊዜ የቆመ መኪና ግን የገበሬው ጉዳት ነው።

ነገሩን በቅርብ ለመረዳት ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ያለውን አቃቂ ቃሊቲን መመልከት ይበቃል። ይህ ስፍራ የዋና ከተማው የደቡብ በር ነው። የደብረ ዘይትና የአዳማ መንገድ በዚህ ያልፋል፤ ወደ አዳማ የሚወስደው 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው የክፍያ መንገድም ከቱሉ ዲምቱ ይጀምራል፤ በየመንገዱ ዳር ጋራዥና መለዋወጫ ሻጭ ሞልቷል። ከዚህ የሚነሣ መኪና ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ገደማ ተነሥቶ 1,000 ሜትር ገደማ ወደ ሆነው ወደ አዋሽ ሰባት ኪሎ ቈላ ይወርዳል፤ ሲመለስም ጭነቱን ይዞ ያንን ሁሉ ከፍታ ይወጣል። ሞቶር የሚፈተነው በእንደዚህ ያለው መንገድ ነው።

ከፍታው በሁለት ነገር ይፈትነዋል። መጀመሪያ፣ በአቃቂ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ወለል ካለው በ5 እጅ 1 እጅ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ፣ ተርቦ የሌለው ሞቶር አየር ያንሰዋል፤ ነጂውም ኀይል ፍለጋ ናፍጣውን አብዝቶ ሲረግጥ ጭሱ ይጠቍራል፤ ሙቀቱም ይጨምራል። ሁለተኛ፣ በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ በአቃቂ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የሞቶር የሥራ ሙቀት ደግሞ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ነው። ውኃው ሳይፈላ የሚቈየው የራዲያተሩ ክዳን አፍኖ ስለሚይዘው ብቻ ነው፤ ጤነኛ ክዳን ውኃውን እስከ 110 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሳይፈላ ያቈየዋል። እንግዲህ ዋጋው ትንሽ የሆነ ክዳን ጎማው ቢደርቅ፣ በደጋው ያለ መኪና ከቈላው ይልቅ ቶሎ ይፈላል ማለት ነው። ብዙ ሰው ደጋው ቀዝቃዛ ስለ ሆነ ሞቶር አይጐዳም ሲል ይሰማል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

አሁን ወደ ፍሳሹ ዓይነት እንመለስ። ጋራዦቻችን ጓርኒሲዮን፣ ቴስታታ፣ ቺንጋ፣ ማኒኮቶ የሚሉት ቃል ሁሉ ከጣሊያን ቋንቋ የመጣ ነው፤ እኛም ሕዝቡ በለመደው ስም እንጽፈዋለን።

1ኛ፤ የዘይት ፍሳሽ። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከሞቶሩ ራስ ላይ፣ በቴስታታው ክዳን ሥር ካለው ጓርኒሲዮን ነው። ጎማው በሙቀት ይደርቅና ዘይቱ በጎን እየወረደ ታች ይንጠባጠባል፤ ስለዚህ ጠብታው የታየበት ስፍራ የፍሳሹ ምንጭ ላይሆን ይችላል። ሌላው በሞቶሩ ፊትና ኋላ ኦይል ሲል የሚባለው የጎማ ቀለበት ነው። በ1ኤችዜድ ሞቶር የፊተኛው ፍሳሽ እጅግ ያሠጋል፤ ዘይቱ የቫልቮላውን ጊዜ በሚጠብቀው ቺንጋ ላይ ይፈስና ጎማውን ያለሰልሰዋል። ይህ ቺንጋ በየ100,000 ኪሎ ሜትር እንዲለወጥ ብዙ ጊዜ ይታዘዛል፤ ዘይት የጠጣ ቺንጋ ግን ያንን አይጠብቅም፤ በመንገድ ላይ ቢበጠስ ፒስተንና ቫልቮላ ይጋጫሉ፤ ሞቶሩም ይሰበራል። ስለዚህ ቺንጋው በሚለወጥበት ጊዜ የፊተኞቹን ኦይል ሲሎች አብሮ መለወጥ ታላቅ ቍጠባ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ምክንያት ደግሞ አለ። ሞቶር የሆዱን ጋዝ የሚያስተነፍስበት ቱቦ በእድፍ ቢዘጋ፣ ግፊቱ ዘይቱን በደካማው ማገጃ ሁሉ ገፍቶ ያወጣዋል። ኦይል ሲል ተለውጦ ከአንድ ወር በኋላ ፍሳሹ ቢመለስ፣ ዳግመኛ ከመለወጥ በፊት ይህን ቱቦ ማስመርመር ይገባል።

2ኛ፤ የውኃ ፍሳሽ። ከራዲያተሩ፣ ከማኒኮቶው አፍና ከውኃው ፓምፕ ይመጣል። የውኃ ፓምፕ ከታቹ ትንሽ ቀዳዳ አለው፤ በዚያ ቀዳዳ ርጥበት ወይም የደረቀ ቀለም ከታየ፣ ፓምፑ የውስጥ ማገጃው እንዳለቀ ራሱ ይናገራል። ቀዳዳውን መድፈን ምስክሩን አፍ እንደ መያዝ ነው። በችግር ጊዜ ካልሆነ በቀር የወንዝ ወይም የጕድጓድ ውኃ በራዲያተር ማድረግ አይገባም፤ ውኃው የያዘው ጨውና ደለል ቀጭኑን ቧንቧ ይደፍናል፤ ብረቱንም ያዝጋል። ኩላንት የሚባለው ባለ ቀለም ፈሳሽ ዝገትን ይከለክላል፤ ቀለሙም ፍሳሹን ያሳያል።

3ኛ፤ የናፍጣ ፍሳሽ። ከፊልትሮው፣ ከቱቦዎቹ መጋጠሚያና ከኢንጄክሽን ፓምፑ ይመጣል። ናፍጣ የሚወጣበት ቀዳዳ ሞቶሩ ሲቆም አየር ያስገባል፤ ስለዚህ ጧት ብዙ ካላስነሡት የማይነሣ መኪና ባትሪው ብቻ አይጠርጠር።

4ኛ፤ ከውጭ የማይታይ ፍሳሽ። ከሁሉ የሚከፋ ይህ ነው። የራዲያተር ውኃ በየሳምንቱ እየጐደለ በመሬት ላይ ጠብታ ከሌለ፣ ውኃው ወደ ሞቶሩ ውስጥ እየገባ ሊሆን ይችላል፤ ምልክቱም ነጭ ጭስ ወይም እንደ ወተት የነጣ ዘይት ነው። የዘይቱ ልክ ሳይጨመርበት ከፍ ብሎ ቢገኝም ደስ አይበል፤ ናፍጣ እየተቀላቀለበት ይሆናልና። ብዙ ፕራዶዎች የሚነዱበት 1ኬዲ የሚባለው ባለ 4 ሲሊንደር፣ 2,982 ሴንቲ ሜትር ኩብ ሞቶር ደግሞ በአንድ ነገር የታወቀ ነው፤ በኢንጄክተሮቹ ሥር ያሉት የመዳብ ቀለበቶች ሲያልቁ የተቃጠለው ጋዝ ወደ ዘይቱ ያፈተልካል፤ ዘይቱም ጠቍሮ እንደ ዝፍት ይወፍርና ዘይት የሚሳብበትን ወንፊት ይደፍናል። ከዚያ በኋላ ልኩ ሙሉ ሆኖ ሳለ ሞቶሩ ዘይት አጥቶ ይነክሳል። ጧት ሲነሣ የሚያንኳኳ፣ የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈትም በኀይል የሚተነፍስ ከሆነ ቀለበቶቹን በቶሎ መለወጥ፣ ወንፊቱንም ማስጠረግ ያስፈልጋል።

5ኛ፤ ወደ ውስጥ የሚፈስ አቧራ። ፍሳሽ ሁሉ ወደ ውጭ አይደለም። ከአየር ፊልትሮው ወደ ሞቶር የሚሄደው ጎማ ቢሰነጠቅ ወይም ማሰሪያው ቢላላ፣ የጥርጊያ መንገዱ አቧራ ሳይጣራ ይገባል፤ ይህም የፒስተኑን ቀለበት እንደ ሞረድ ይበላዋል። በጎማው ውስጥ ጣት ሲያልፍ አቧራ ከተገኘ አደጋው ተጀምሯል።

አንዳንድ ሰው መሬት የምትነካ ጠብታ ምን ታደርጋለች ይላል። በየ10 ሴኮንድ አንድ ጊዜ የምትወድቅ ጠብታ በቀንና በሌሊት 8,640 ትሆናለች፤ 20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር ቢሞላ፣ በቀን 432 ሚሊ ሊትር፣ በሳምንት 3 ሊትር ማለት ነው። ዘይቱን በየጊዜው እየጨመሩ መሄድ መድኃኒት አይደለም፤ ወጪውን ማራዘም ነው እንጂ። ፍሳሽ ይዘጋል እየተባለ የሚሸጠውን ዱቄት በራዲያተር መጨመርም፣ ሲሊኮን አብዝቶ መለጠፍም እንዲሁ ነው፤ ዱቄቱ ቀጭኑን ቧንቧ፣ የተቈረሰው ሲሊኮንም የዘይቱን ወንፊት ይደፍናል።

ጠብታው የሚወድቅበት መሬትም ሊታሰብ ይገባዋል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዝ በአባ ሳሙኤል ይገናኛሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። በአቃቂ ዳር ያሉ ገበሬዎች በዚሁ ውኃ ጎመንና ሰላጣ ያለማሉ፤ ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጕድጓዶችም አዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ ይቀዳል። በቦይ የተደፋ የተቃጠለ ዘይት ተመልሶ ወደ ማሳና ወደ ሰው ይደርሳል። ስለዚህ ከሞቶር የወጣ ዘይት በዕቃ ተጠራቅሞ ለሚረከበው እንዲሰጥ እንጂ በመሬት እንዳይደፋ ማዘዝ የአስተዳዳሪው ግዴታ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ ቢባል፣ የሚከተለው ሥርዐት ትንሽ ነው፤ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ማታ ንጹሕ ካርቶን ከሞቶሩ በታች ይነጠፍ፤ ጧትም ይታይ። ጥቍር ወይም ቡናማ ቢሆን የሞቶር ዘይት ነው፤ ቀይና ቀጭን ቢሆን ብዙ ጊዜ የመሪ ወይም የካምቢዮ ዘይት ነው፤ አረንጓዴ ወይም ሮዝ ቢሆን የራዲያተር ነው፤ ንጹሕ ውኃ ቢሆን የአየር ማቀዝቀዣው ጤዛ ስለ ሆነ አያሠጋም። የዘይትና የውኃ ልክ ሞቶሩ ሳይነሣ በየጧቱ ይታይ፤ የራዲያተር ክዳን በሙቀት ጊዜ ፈጽሞ አይከፈት። በአቧራ መንገድ የሚሠራ መኪና ዘይቱ በየ5,000 ኪሎ ሜትር ይለወጥ። የተጨመረው ዘይትና ውኃ ሁሉ ከቀኑና ከኪሎ ሜትሩ ጋራ በመዝገብ ይጻፍ፤ በዚህ ወር 1 ሊትር፣ በሚቀጥለው ወር 2 ሊትር የጠጣ ሞቶር በመዝገቡ ራሱን ይከሳል። ለቦሎ የሚደረገው ምርመራ በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ጠብታ ግን ዓመት አይጠብቅም።

በመጨረሻ ስለ ሹሙ እንናገር። ነጂው ፍሳሹን አይቶ ሲያመለክት በጀት የለም ተብሎ ደጋግሞ የሚመለስ ከሆነ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማየቱንም ይተዋል። ከዚያ ወዲያ ሞቶሩ ሲነክስ ጥፋቱን በነጂው ላይ ማድረግ ፍርድ አይደለም። የጓርኒሲዮንና የኦይል ሲል ዋጋ ከሞቶር ዋጋ ጋራ የሚመዘን አይደለምና፣ ለትንሽ ጥገና የሚሆን ገንዘብ በዓመቱ መጀመሪያ ለይቶ ማስቀመጥ፣ የነጂውንም ቃል በመዝገብ አስጽፎ በሳምንቱ ውስጥ መልስ መስጠት የኀላፊው ሥራ ነው። አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ክረምት ገብቶ መንገዱ ጭቃ ከመሆኑና የዘር ሥራ ከመበርታቱ በፊት በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ ያለው መኪና ሁሉ አንድ ጊዜ ታጥቦ፣ ከሥሩ በመብራት ተመርምሮ፣ የተገኘው ፍሳሽ ሁሉ እንዲታገድ ለአስተዳዳሪዎችና ለሹማምንት ሁሉ እናሳስባለን።