«ሩዝ» ብቻውን ጭብጥ አይሆንም፤ ለፎቶግራፍ ክፍል የፎቶ ታሪክ እንዴት ይሠራል?

በፎቶግራፍ ክፍል «አንድ ጭብጥ መርጣችሁ በአሥር ፎቶ ታሪክ ንገሩ» የሚል ሥራ ሲሰጥ፣ የእኛ አገር ልጅ ስልኩን ይዞ ወደ ሜዳ ይወጣል። ፎገራ በክረምት መቼም ውብ ነው። አሥር አረንጓዴ ፎቶ ይዞ ይመለሳል፤ ያምራል፣ ግን ታሪክ የለውም።

ምክንያቱም ጭብጥ ጥያቄ ይፈልጋል። አንድ እንሞክር፦ ሩዝ ሲመጣ የፎገራ ላም የት ገባች?

ሩዝ በሜዳችን መዘራት የጀመረው በ1970ዎቹ ነው። ያን ጊዜ ክረምት ውሃ የሚተኛበት መሬት በአብዛኛው የከብት መዋያ ነበር፤ የፎገራ ላምም በወተቷ ስሟ የተጠራ ናት። ዛሬ ግጦሹ ማሳ ሆኗል። ገበሬው ከሩዙ ኑሮውን ደጉሟል፣ ላሚቱ መዋያ አጥታለች። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱንም አሳዩ።

እንዴት ይሠራል?

1. ጥያቄውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉት። እሱን የማይመልስ ፎቶ የቱንም ያህል ቢያምር ይውጣ።

2. የምትፈልጉትን አስቀድማችሁ ዘርዝሩ። ሜዳውን በሰፊው የሚያሳይ፣ ሰው ሥራ ላይ ሳለ፣ ፊት፣ ከቅርብ የተነሳ እጅና ጭቃ፣ ሰውየው ከላሚቱ ጋር፣ መዝጊያ። ሁሉም ከአንድ ርቀት ከተነሳ ተመልካቹ ይሰለቻል።

3. ጊዜውን እወቁ። ሰኔ ዘር፣ ሐምሌና ነሐሴ አረም፣ ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳ ነው። ያን ያህል ጊዜ ከሌላችሁ አንድ ቤተሰብን ከጠዋት አለባ እስከ ማታ ተከተሉ፤ መሀል ላይ ወረታ ከተማ የሩዝ መፈልፈያ ቤት ጎራ በሉ።

4. መጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዚያ ካሜራ። «እንደምን ዋሉ፣ እግዜር ያበርታዎ» በሉና ለምን እንደምታነሱ፣ ፎቶው የት እንደሚታይ ንገሯቸው። እምቢ ካሉ አመስግናችሁ እለፉ። «እስቲ እንደገና ይጨዱ» ብላችሁ አታስመስሉ፤ ያኔ ታሪኩ የእሳቸው መሆኑ ይቀራል።

5. ከመቶው አሥሩን ምረጡ። መሬት ላይ ወይም ስክሪን ላይ ደርድራችሁ ቅደም ተከተሉን ቀያይሩ፤ አንዱን ስታወጡ ታሪኩ ካልጎደለ ያ ፎቶ አያስፈልግም። በየሥሩ ማን፣ የት፣ መቼ የሚል አጭር መግለጫ ጻፉ።

ሰው ከነገሩ እንደሚበልጥ ሙሉጌታ አየነ አሳይቶናል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተከስክሶ 157 ሰው ሲያልቅ ቦታው ላይ ፎቶ አንስቷል። በወርልድ ፕረስ ፎቶ ለዓመቱ ምርጥ ፎቶ የታጨለት ሥራ፣ ሐዘን የጎዳት ሴት አፈር አንስታ ፊቷ ላይ ስትበትን የሚያሳይ ነው። የአውሮፕላኑ ስብርባሪ ያላለውን እሷ ተናገረች።

የእናንተስ መዝጊያ ፎቶ? ማታ ማታ በየቤቱ ደጃፍ ታገኙታላችሁ፦ ላሚቱ ታስራ የሩዝ ገለባ ትበላለች። ግጦሿን የወሰደው ሩዝ፣ ገለባውን መልሶ ያበላታል። ይህን አንስታችሁ ከመጣችሁ አስተማሪው ማብራሪያ አይጠይቃችሁም።