የሰብአዊና የማኅበራዊ ጥናቶች ድርሻ በቋንቋ መምህራን ዝግጅት፦ ጥብቀትና የቤት ቋንቋ እንደ ማሳያ

ዋንዴገያ የሚገኘው ከማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ኮረብታ ግርጌ ነው። በዚህ ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ደረጃ ቋንቋ መምህርነት የሚዘጋጅ ተማሪ የማስተማር ዘዴን ከትምህርት ኮሌጅ፣ የቋንቋውን ዕውቀት ደግሞ ከሰብአዊና ማኅበራዊ ሳይንስ ኮሌጅ ይቀስማል። የኋለኛው ዕውቀት አንዳንድ ጊዜ ለክፍል ሥራ የማይፈይድ ንድፈ ሐሳብ ተደርጎ ይቆጠራል። ይህ ጽሑፍ አስፈላጊነቱን በሁለት ማሳያዎች ያስረዳል።

የመጀመሪያው ማሳያ ጥብቀት ነው። በሉጋንዳ «ኦኩታ» የሚለው ግስ «ታ» ሲላላ መልቀቅ፣ ሲጠብቅ መግደል ማለት ነው። በላቲን ፊደል የሚጻፈው የሉጋንዳ ሥርዓተ ጽሕፈት የሚጠብቀውን ተነባቢ ደግሞ በመጻፍ ልዩነቱን ያሳያል። ጥብቀት ትርጉም በማይለይበት ቋንቋ አፉን የፈታ ሕፃን ግን አንዱን ፊደል ቢያስቀር፣ የሥነ ድምፅ ትምህርት ያላገኘ መምህር ቸልተኛ ነው ብሎ ነጥብ ይቀንስበታል። ሥነ ድምፅን የተማረ መምህር ግን ስሕተቱ ከእጅ ሳይሆን ከጆሮ የመነጨ መሆኑን ስለሚረዳ፣ ከጽሕፈቱ አስቀድሞ የማዳመጥ ልምምድ ያዘጋጅለታል።

በአማርኛ ችግሩ ተገላቢጦሽ ነው። ፊደሉ ጥብቀትን ስለማያመለክት «ገና» ላልቶ ሲነበብ «እስካሁን»፣ ጠብቆ ሲነበብ የልደት በዓል ይሆናል፤ «ዋና»ም እንዲሁ። አፉን በአማርኛ የፈታ አንባቢ ከዐውዱ ይለየዋል። በሁለተኛ ቋንቋነት የሚማረው ግን የሚለይበትን መንገድ መምህሩ ሊያሳየው ይገባል።

ሁለተኛው ማሳያ የማኅበራዊ ጥናትን ድርሻ ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ2007 ሥራ ላይ የዋለው የኡጋንዳ የመጀመሪያ ደረጃ ሥርዓተ ትምህርት ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል በአካባቢው ቋንቋ ማስተማርን፣ 4ኛ ክፍልን ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ መሸጋገሪያ ማድረግን ይደነግጋል። ኢትዮጵያም በ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲዋ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ ወስናለች። ይሁን እንጂ ከተለያዩ አካባቢዎች የመጡ ቤተሰቦች በሚኖሩበት እንደ ዋንዴገያ ባለ የከተማ ሰፈር «የአካባቢው ቋንቋ የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ በአዋጅ ብቻ አይመለስም። መምህሩ ሕፃኑን «ብሔርህ ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያገኘው መልስ ስለ ማንነት እንጂ ስለ ቋንቋ አጠቃቀም አይሆንም። «ከእናትህ፣ ከታላላቆችህና ከጎረቤት ልጆች ጋር በምን ቋንቋ ትነጋገራለህ?» የሚለው ጥያቄ ግን ለማስተማር የሚጠቅም መረጃ ያስገኛል። ይህን ልዩነት የሚያስተምረው ኅብረተሰባዊ ሥነ ልሳን ነው።

እንግዲህ የማስተማር ዘዴ እንዴት እንደሚቀርብ ይመራል፤ ምን መቅረብ እንዳለበትና ተማሪው ለምን እንደተሳሳተ የሚገልጠው ግን የቋንቋና የኅብረተሰብ ጥናት ነው። ስለሆነም ዕጩ መምህር ለልምምድ ሲወጣ ከትምህርት ዕቅዱ ጋር የተማሪዎቹን የቤት ቋንቋዎች ዝርዝርና የድምፅ ሥርዓታቸውን አጭር ንጽጽር ቢያቀርብ ሁለቱ ኮሌጆች በአንድ ሥራ ላይ ይገናኛሉ። ይህ ካልሆነ ግን የሥልጠናውን ጉድለት ዋጋ የሚከፍለው፣ ያልሰማውን ድምፅ ባለመጻፉ ነጥብ የሚቀነስበት ሕፃን ይሆናል።