የኮምፒዩተር የፊት ለፊት የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ለምን ዝም ይላል?

ለብቻው የተገዛ የድምፅ ካርድ በኮምፒዩተር ላይ ከተገጠመ በኋላ በኋለኛው በኩል ድምፅ እየተሰማ፣ የፊት ለፊቱ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ግን ዝም ሊል ይችላል። ይህ የገጠመው ሰው ካርዱ ተበላሽቷል ወይም ኮምፒዩተሩ አርጅቷል ብሎ ለአዲስ ግዢ ይነሣ ይሆናል። ይሁንና በአብዛኛው የተበላሸ ነገር የለም፤ ችግሩ አንድ ቀጭን ገመድ የተሰካበት ቦታ ነው።

በጂዛን ከተማ፣ በአቡ አሪሽ፣ በሳምጣና በጡዋል በጋራ መኖሪያ ለሚያድሩ ሠራተኞች ጉዳዩ ከቅንጦት የሚቆጠር አይደለም። አንዱ ከሌሊት ፈረቃ ተመልሶ ሲተኛ፣ ሌላው የክፍል ጓደኛውን ሳይረብሽ ከቤተሰቡ ጋር መነጋገር የሚችለው በጆሮ ማዳመጫ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያና ኢትዮጵያ የሰዓት ልዩነት ስለሌላቸውም፣ የአንዱ ቤት የዕረፍት ሰዓት ለሌላውም የዕረፍት ሰዓት ነው።

መንስኤው

የፊት ለፊቱ መሰኪያ በራሱ ድምፅ አያመነጭም። በኮምፒዩተሩ ሣጥን ውስጥ በሚያልፍ ገመድ ከዋናው ሰሌዳ፣ ማለትም ከማዘርቦርዱ ጋር የተያያዘ ቀዳዳ ብቻ ነው። አዲሱ ካርድ ሲገባ ድምፁ ከካርዱ መውጣት ይጀምራል፤ ገመዱ ግን ማዘርቦርዱ ላይ እንደተሰካ ይቀራል። ስለዚህ ከካርዱ የሚወጣው ድምፅ ወደ ፊት የሚደርስበት መንገድ አይኖረውም።

ገመዱን ወደ ካርዱ ማዛወር

ቀዳሚው መፍትሔ ገመዱን ከማዘርቦርዱ ነቅሎ ካርዱ ላይ መሰካት ነው። ይህ የሚቻለው ካርዱ ለፊት ለፊት መሰኪያ የተዘጋጁ ፒኖች ካሉት ብቻ በመሆኑ፣ ከመግዛት በፊት ሣጥኑን ወይም መመሪያውን ማየት ይገባል። ፒኖቹ በሁለት ረድፍ የተደረደሩ ሲሆኑ፣ ከ10ሩ ቦታዎች 8ኛው ባዶ ነው፤ ገመዱ ተገልብጦ እንዳይገባ የሚከላከለውም ይኸው ክፍተት ነው።

የዩኤስቢ ፒኖችም በመልክ ይመሳሰላሉ፤ ነገር ግን ባዶ ቦታቸው ጥግ ላይ ነው፣ በውስጣቸውም 5 ቮልት ኤሌክትሪክ አለ። በመሆኑም የማይገባ ገመድ በጉልበት ሊገፋ አይገባም።

ሥራው ከመጀመሩ አስቀድሞ ኮምፒዩተሩን ማጥፋት፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን ከግድግዳ መንቀልና የሣጥኑን ብረት በእጅ መንካት ያስፈልጋል። መንካቱ በሰውነት ላይ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ ካርዱን እንዳይጎዳ ይረዳል። ገመዱ ካጠረ ማራዘሚያ ይገዛለታል።

የገመዱ ዓይነትም መታየት አለበት። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤሲ 97 እና በ2004 እ.ኤ.አ. ኢንቴል ያወጣው ኤችዲ ኦዲዮ የተባሉት ሁለት ሥርዓቶች የገመድ ጫፋቸው በቅርጽ አንድ ቢሆንም አሠራራቸው ይለያያል። አዲሱ ሥርዓት ማዳመጫ ሲሰካ ለካርዱ ያሳውቃል፤ አሮጌው ግን በዚህ መንገድ አያሳውቅም። ከአንድ ገመድ ሁለት ጫፎች ወጥተው ከተገኙ፣ ለዘመኑ ካርድ የሚመረጠው «ኤችዲ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ነው።

ገመዱ ባለበት ሲቆይ

ካርዱ የተባሉት ፒኖች ከሌሉት ወይም በዩኤስቢ የሚሰካ ከሆነ፣ የፊት ለፊቱን መሰኪያ በማዘርቦርዱ ድምፅ መጠቀም ይቻላል። በዊንዶውስ ቅንብር ውስጥ «ሲስተም»፣ ቀጥሎም «ሳውንድ» በሚለው ስር ድምፅ የሚወጣበትን መሣሪያ መምረጥ ነው። የማይክሮፎኑ ምርጫ ከዚህ የተለየ ስለሆነ እርሱም ለብቻው መቀየር አለበት፤ ይህ ከተዘነጋ ሠራተኛው የቤተሰቡን ድምፅ ይሰማል፣ የእርሱ ድምፅ ግን ላይደርሳቸው ይችላል።

አዲስ ካርድ ሲገባ የማዘርቦርዱን ድምፅ በባዮስ እንዲዘጋ የሚመክር ባለሙያ ሊያጋጥም ይችላል። ገመዱ ባለበት ከቀረ ግን ይህ ምክር የፊት ለፊቱን መሰኪያ ጨርሶ ዝም ያሰኘዋል።

የስልክ ማዳመጫም ሌላ የስሕተት ምንጭ ነው። ጫፉ ላይ ሦስት ጥቁር ቀለበት ያለው ማዳመጫ ድምፅንና ማይክሮፎንን በአንድ መሰኪያ ያጣምራል። ኮምፒዩተሩ ሁለት የተለያዩ ቀዳዳዎች ካሉት፣ አንዱን ለሁለት የሚከፍል አገናኝ ያስፈልጋል።

የባሕር አየርና አቧራ

በቀይ ባሕር ዳርቻ ያለው ጨዋማና እርጥብ አየር ከበጋው አቧራ ጋር ተዳምሮ የመሰኪያዎችን ብረት ያዝጋል። ማዳመጫው ሲነቃነቅ ብቻ የሚሰማ ወይም የሚንጫጫ ድምፅ የዚህ ምልክት ሊሆን ይችላል። ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ሳለ መሰኪያውን ደጋግሞ ማስገባትና ማውጣት፣ ካልበቃም ለኤሌክትሮኒክስ በተዘጋጀ ማጽጃ ማጽዳት ይረዳል። ውሃና ሽቶ ግን ፈጽሞ ሊነኩት አይገባም።

ወደ ሱቅ ሲኬድ

በዐረብኛ የድምፅ ካርድ «ከርት ሶት»፣ የጆሮ ማዳመጫ ደግሞ «ሰማዓ» ይባላል። የፊት ለፊት የድምፅ ገመድ ሲፈለግ «ሲልክ አስ-ሶት አል-አማሚ» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ይሁንና ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ማዳመጫውን በኋለኛው መሰኪያ መሞከር ይበጃል። እዚያ ድምፅ ካለ ካርዱም ማዳመጫውም ደኅና ናቸው፤ ቀሪው ሥራ ገመዱን መፈለግ ነው።