የወረቀት መቁረጫው መጫኛ ምን ያህል ይጫን?

ማተሚያ ቤት ለምትሠሩ፦ የቆረጣችሁት ደረሰኝ የላዩ ቅጠል ከታችኛው ጋር አልመጣጠን ካለ፣ ቢላውን ከመውቀሳችሁ በፊት መጫኛውን እዩት። ግፊቱ ሲያንስ ቢላው ሲወርድ የላይኞቹን ቅጠሎች ከመጫኛው ሥር ይጎትታቸዋል። ሲበዛ ደግሞ የመጫኛው ጠርዝ ምልክት ይተዋል፣ በደንብ ያልደረቀ ቀለም ወደ ላዩ ቅጠል ጀርባ ይተላለፋል። ካርቦን አልባ የደረሰኝ ወረቀትማ ገና ሳይጻፍበት መስመር ያወጣል።

ብዙዎች የሚዘነጉት የቁልሉን ስፋት ነው። ሃይድሮሊኩ የሚሰጠው ኃይል ያው ሆኖ የሚያርፍበት ወረቀት ይለያያል። ለ100 ሴንቲ ሜትር ያስተካከላችሁትን ሳትነኩ 20 ሴንቲ ሜትር ብታስገቡ፣ እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 5 እጥፍ ይሸከማል። ቢዝነስ ካርድ ላይ ያ የሚያናድድ መስመር የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከዚህ ነው። ወርዱ ሲጠብ ግፊቱን ቀንሱ።

መነሻው የማሽኑ መመሪያ ነው፤ ከዚያ በማይፈለግ ወረቀት ሞክሩ። ከላይ፣ ከመሃልና ከታች አንዳንድ ቅጠል አውጥታችሁ ደርቧቸው። እኩል ከሆኑ በቃ፣ “ለማንኛውም” ብላችሁ አትጨምሩ። ምልክቱ ካስቸገረ ከላይ ካርቶን ጣል አድርጉበት፤ ከዚህ የረከሰ መፍትሔ አላውቅም። ግፊቱ ተስተካክሎም ልዩነቱ ካልጠፋ፣ ያኔ ቢላው ደንዝዞ ሊሆን ስለሚችል አስሞርዱት።

ለሙከራ ብላችሁ የደህንነት ጨረሩን እንዳታጠፉ። ቢላው ባይወርድ እንኳ መጫኛው ብቻውን ጣት ይጨፈልቃል።