ምስሉ ገዝፎ ታሪኩ የሳሳው «ትራንስፎርመርስ 2»

የፊልም ምስልና የፊልም ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ ቢታዩም በተለያዩ ባለሙያዎች እጅ የሚዘጋጁ ሥራዎች ናቸው። አንዱ በርትቶ ሌላው ሲደክም ፊልሙ አገዳው ረዝሞ ፍሬ ያልያዘ ማሽላ ይሆናል። ለዚህ ማሳያ ከሚሆኑት አንዱ፣ በማይክል ቤይ አዘጋጅነት ተሠርቶ እ.አ.አ በ2009 ለዕይታ የበቃው «ትራንስፎርመርስ፦ ሪቬንጅ ኦፍ ዘ ፎለን» ነው።

ይህ የአሜሪካ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልም በ2007 የወጣው የመጀመሪያው ክፍል ቀጣይ ሲሆን፣ ከሌላ ዓለም የመጡና ወደ ተሽከርካሪነት የሚለወጡ ሮቦቶችን ጦርነት ያሳያል። ለሥራውም 200 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበታል።

የምስል ጥንካሬው በቀላሉ የተገኘ አይደለም። በመጀመሪያው ክፍል ኦፕቲመስ ፕራይም የተባለው ዋና ሮቦት በኮምፒውተር የተገጣጠመው ከ10 ሺህ በላይ ከሆኑ ክፍሎች ነበር። በሁለተኛው ክፍል የግንባታ ማሽነሪዎች ተዋህደው የሚፈጥሩት ዴቫስቴተር ግን ከ50 ሺህ በላይ ክፍሎች አሉት። ብርሃኑ በእያንዳንዱ ብረት ላይ እንዴት እንደሚያርፍ፣ አንዱ ክፍል ሲንቀሳቀስ ሌላው እንዴት እንደሚከተለው የሚሰላው በኮምፒውተር ነው። ተመልካቹ በሸራው ላይ ክብደት ያለው እውነተኛ ብረት ያየ የሚመስለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ታሪኩ ግን ይህን ያህል ጊዜ አላገኘም። የአሜሪካ የፊልምና የቴሌቪዥን ደራሲያን ከዲቪዲና ከኢንተርኔት ገቢ የሚገባቸውን ድርሻ በመጠየቅ ከኅዳር 2007 እስከ የካቲት 2008 እ.አ.አ ለ100 ቀናት የሥራ ማቆም አድማ አደረጉ። የዚህ ፊልም ደራሲያን ከአድማው በፊት ያስረከቡት አጭር ንድፍ ብቻ ነበር። የቀረጻው ዝግጅት ግን ሙሉው ጽሑፍ ሳይጠናቀቅ ቀጠለ። ማይክል ቤይ ራሱም አድማው ፊልሙን እንደጎዳው በኋላ በይፋ ተናግሯል።

ጉዳቱ በፊልሙ ውስጥ በግልጽ ይታያል። ገጸ ባሕርያቱ አሜሪካ ከሚገኝ የአውሮፕላን ሙዚየም በቅጽበት ግብፅ ይገኛሉ፤ ለዚህም አንድ ያረጀ ሮቦት የመሻገሪያ ኃይል እንዳለው ከመነገሩ በቀር ቀደም ብሎ የተዘጋጀ ምክንያት የለም። በዮርዳኖሷ ፔትራና በግብፁ ጊዛ መካከል ያለው ርቀት 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ፊልሙ የቅርብ ጎረቤታሞች ያስመስላቸዋል። ዋናው ወጣት ሞቶ የሚነሣበት ትዕይንትም ከራሱ ውሳኔ ይልቅ በራእይ በታዩት ጥንታውያን ሮቦቶች ፈቃድ የተፈጸመ ነው። ጀግናው የሚያደርገው ምርጫ ውጤቱን ካልለወጠው ደግሞ ተመልካቹ የሚሰጋለት ነገር አይኖርም።

የተመዘገበው ውጤት ሁለቱንም ገጽታ ይመሰክራል። ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ከ830 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገቢ ሲያስገኝ፣ በድምፅ ቅንብር ለኦስካር ታጭቷል። ደካማ ፊልሞች በሚለዩበት የጎልደን ራዝቤሪ ሽልማት ደግሞ የዓመቱ መጥፎ ፊልም፣ መጥፎ ዳይሬክተርና መጥፎ የፊልም ጽሑፍ ተብሎ ተመርጧል።

ገበያው ስለተሳካ ተከታታዩ በ2011 በሦስተኛ ክፍል ቀጥሏል። የቲኬት ሽያጭ ተመልካች መምጣቱን እንጂ ረክቶ መውጣቱን አይናገርም። በፊልሙ ውስጥ አንድ ድርጊት ለምን እንደተፈጸመ የሚጠይቅ ተመልካች ግን ፍንዳታው ሲያበቃ ከታሪኩ ምን እንደቀረ መለየት አይከብደውም።