ከሬይክያቪክ በናይቫሻ በኩል ወደ አሉቶ

ከአዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ ወደ አዳማ የሚወርድ ሰው ከከተማዋ ቀድሞ የሚያየው ተርባይኖቹን ነው። ኮረብታዎቹ ላይ ነጭ ለብሰው ቆመዋል፤ ገሚሱ ይሽከረከራል፣ ገሚሱ ያርፋል። የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጡ ልጆች መቁጠር ይጀምሩና ሳይጨርሱ መንገዱ ያልፋቸዋል። ፈጣን መንገድ ላይ ቆሞ መቁጠር ደግሞ ክልክል ነው። ስለዚህ ቁጥሩ እዚሁ ይቀመጥላቸው፤ አዳማ አንድ 34፣ አዳማ ሁለት 102፣ በድምሩ 136። እያንዳንዱ የ1.5 ሜጋዋት አቅም ስላለው ሁሉም ሙሉ ጉልበታቸውን ቢያወጡ 204 ሜጋዋት ይደርሳሉ።

የመጀመሪያው ጣቢያ በ2012፣ ሁለተኛው በ2015 ተጠናቀቀ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የገነቧቸው የቻይና ኩባንያዎች ናቸው፤ ማሽኖቹ ጎልድዊንድና ሳኒ የተባሉት የቻይና ፋብሪካዎች ሥራ ናቸው፤ ብድሩም ከቻይናው ኤግዚም ባንክ የመጣ ነው። ይህን ያህሉን አዳሜ ሁሉ ያውቀዋል። ብዙም የማይወራላቸው ከተርባይኖቹ በፊት የመጡት ቀጫጭን የነፋስ መለኪያ ምሰሶዎች ናቸው።

ጉዳዩ ወደ ደርግ ዘመን ይመልሰናል። በ1980ዎቹ አጋማሽ ቼሰን የተባለ የጣሊያን ድርጅት ከኢትዮጵያ የኢነርጂ ኮሚቴ ጋር ሆኖ የአገሪቱን የነፋስ፣ የፀሐይና የማገዶ ሀብት ያጠና ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ ደግሞ የጀርመኑ ጂቲዜድ ከመብራት ኃይል ጋር ተባብሮ በተመረጡ ቦታዎች ነፋስ አስለካ፤ ከተመረጡት አንዷ ናዝሬት፣ የዛሬዋ አዳማ፣ ነበረች። በ2012 ቻይናዎቹ የአገሪቱን የነፋስና የፀሐይ ኃይል ዋና ዕቅድ አጥንተው አስረከቡ። የጣሊያን፣ የጀርመንና የቻይና እጅ በአንድ ነፋስ ላይ ተፈራረቀ ማለት ነው።

ለነፋስ ልኬት ይህን ያህል መድከም ለምን አስፈለገ? የናዝሬት ነፋስ እንደሆነ የአቧራውን መጠን አይቶ ማንም ይመሰክርለታል። ነገሩ ያለው ስሌቱ ላይ ነው። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚሰጠው ጉልበት እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በፍጥነቱ ላይ አሥር በመቶ የተሳሳተ ሰው በጉልበቱ ላይ ሠላሳ በመቶ ገደማ ይሳሳታል፤ ያ ስህተት ብድር ሲከፈልበት ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። በዚያ ላይ ቦታው ከፍታ አለው። በኮረብታዎቹ ላይ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ክንፉን የሚገፋበት ጉልበትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ለባሕር ዳርቻ የተጻፈውን የፋብሪካ ሰንጠረዥ እንዳለ ወስዶ አዳማ ላይ መሥራት አይቻልም። የአዳማን ነፋስ ማወቅ የሚቻለው አዳማ ላይ ምሰሶ ተክሎ በመቆየት ብቻ ነው።

ነፋሱ ሌላም ውለታ አለው። የሚበረታው በበጋ ነው፤ ግድቦች የሚጎድሉትም ያኔ ነው። እዚያው ደጃፉ ያለው ቆቃ ግድብ ይህን ያውቀዋል። ቆቃ በ1960 የተመረቀው ጣሊያን ለወረራው በከፈለችው የጦር ካሳ ነው። የአካባቢው የመጀመሪያው የውጭ አገር የኃይል ገንዘብ እንግዲህ ብድርም እርዳታም አልነበረም።

ከአዳማ ወደ አሰላ ሲወጣ ኢተያ አጠገብ ያሉት ተርባይኖች ደግሞ በዴንማርክ ድጋፍ የተተከሉ ናቸው። ቁጥራቸው 29 ብቻ ነው፤ አቅማቸው ግን 100 ሜጋዋት ነው። የአዳማዎቹ 136 ከሚሰጡት ግማሽ ያህሉን 29 ብቻቸውን ይሰጣሉ፤ የአሥር ዓመት የቴክኖሎጂ ርቀት በዓይን ይታያል። ዴንማርኮች ከማሽኑ ሌላ የኢነርጂ መሥሪያ ቤታቸውን ባለሙያዎች ከኢትዮጵያ አቻዎቻቸው ጋር አስቀምጠው፣ ሲነሳና ሲተኛ የሚውለውን ነፋስ ብሔራዊው የኃይል ቋት እንዴት እንደሚሸከመው አብረው ማጥናታቸው ነው ሊመሰገንላቸው የሚገባው። እንዲህ ያለ ሥራ ሪባን የሚቆረጥበት ነገር ስለሌለው ዜና አይሆንም።

ማሽን መጥቶ ዕውቀት ሲቀር የሚሆነውን ለማየት ግን ከሞጆ ወደ ሐዋሳ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ቆቃንና መቂን አልፎ ባቱ መድረስ ያስፈልጋል።

በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል አሉቶ የተባለ እሳተ ገሞራ አለ። ከስንጥቆቹ እንፋሎት ይወጣል። ከስሩ ያለው ሙቀት ለኤሌክትሪክ ይሆን እንደሆነ የማጣራቱ ሥራ በመንግሥትና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ትብብር የተጀመረው በ1969 ነው። ከ1981 ጀምሮ ባሉት ጥቂት ዓመታት ስምንት ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ ጥልቁ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ወረደ። ከጉድጓዶቹ አንዳንዶቹ ሙቀታቸው ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሆኖ ተገኘ። ደስታው ግን አልቸኮለም፤ ጉድጓዱ ከተቆፈረ በኋላ ማመንጫው እስኪመጣ ከአሥር ዓመት በላይ አለፈ።

በ1998 ኦርማት የተባለው የእስራኤል ኩባንያ የሠራው 7.3 ሜጋዋት የሚያመነጭ የሙከራ ጣቢያ ሥራ ጀመረ፤ በአገሪቱ የመጀመሪያው የጂኦተርማል ጣቢያ ነበር። አሠራሩ ብልሃት አለው። ከምድር የወጣው ሙቀት ከውሃ ቀድሞ የሚፈላ ሌላ ፈሳሽ ያፈላል፤ ተርባይኑን የሚያዞረው የዚያ ፈሳሽ ትነት ነው፤ ከዚያ ቀዝቅዞ ይመለሳል፣ እንደገና ይፈላል። ብልሃቱ ግን የሚያውቀው እጅ ይፈልጋል። ጣቢያው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቆመ። በ2007 በከፊል ተጠግኖ ቢነሳም ወደ ሙሉ ጉልበቱ አልተመለሰም። ምክንያቱን የኢትዮጵያ የጂኦተርማል ባለሙያዎች ራሳቸው በጉባኤ ጽሑፎቻቸው ሳይሸፋፍኑ አስቀምጠውታል፤ የእንፋሎት መስክንና ጣቢያን የማስተዳደር ልምድ አልነበረም። ግድብ የሚያንቀሳቅስ ሰው ውሃውን በዓይኑ ያየዋል። የአሉቶው ሰው ግን ሁለት ኪሎ ሜትር ከመሬት በታች ያለ፣ ግፊቱ የሚለዋወጥ፣ ጨውና ጋዝ የተቀላቀለበት ውሃ ነው የሚያስተዳድረው። የቧንቧው ውስጥ ዝቃጭ ለብቻው አንድ ሙያ ነው።

የሚገርመው ሙያው የሚማሩበት ቦታ ያኔም መኖሩ ነው። አይስላንድ ሬይክያቪክ ውስጥ የተባበሩት መንግሥታት ዩኒቨርሲቲ የጂኦተርማል ሥልጠና በ1978 ተቋቁሞ በተከታዩ ዓመት ተማሪ መቀበል ጀመረ። ሥልጠናው ስድስት ወር ነው። አንዱ የቁፋሮ ምህንድስና፣ አንዱ የፍል ውሃ ኬሚስትሪ፣ አንዱ የጉድጓድ ልኬት ይማራል። ሁሉም ሲጨርሱ ስለ አገራቸው መስክ የምርምር ጽሑፍ ይጽፋሉ፤ ጽሑፉም ለማንም ክፍት ሆኖ ይታተማል። ከ2020 ወዲህ ትምህርት ቤቱ በዩኔስኮ ጥላ ሥር ነው። ከኢትዮጵያ በየጊዜው ጂኦሎጂስቶችና መሐንዲሶች ሄደዋል፤ የአሉቶ ጉድጓዶች ቁጥርና ሙቀት በእነዚያ ጽሑፎች ውስጥ ይገኛል። ሆኖም ጥቂት ሰው ተምሮ መጥቶ የሚቆፈር ጉድጓድ ከሌለ ትምህርቱ ይሻግታል። መቆፈሪያው ሳይንቀሳቀስ ዓመት ከዓመት ሲቆም ሠራተኛውም ሌላ ሥራ ይፈልጋል።

ኬንያ ያደረገችው ሌላ ነው። እነሱም ተማሪ ወደ አይስላንድ ላኩ፤ እንዲያውም ከማንም አገር በላይ ላኩ። ግን ቁፋሮውን አላቋረጡም። ኢትዮጵያ አሉቶን መቆፈር በጀመረችበት በ1981 ኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ አጠገብ ኦልካሪያ ላይ የመጀመሪያውን 15 ሜጋዋት አበራች። በ1985 ሦስቱ ማሽኖች 45 ደረሱ። ዛሬ የኬንያ ጂኦተርማል ከ900 ሜጋዋት በላይ ነው። ስምጥ ሸለቆው ያው ነው፤ ከመሬት በታች ያለው ሙቀትም ለኬንያ አድልቶ አይደለም። ከ2005 ጀምሮ የአይስላንዱ ትምህርት ቤት አጫጭር ኮርሶቹን ራሱ ወደ ኬንያ አምጥቶ የቀጣናው ባለሙያ ናይቫሻ ላይ እንዲማር አደረገ።

ከዚያ በ2019 ነገሩ ተገለበጠ። ኬንጄን የተባለው የኬንያ ኃይል አመንጪ ኩባንያ ኢትዮጵያ ውስጥ ለመቆፈር ሁለት ውል ፈረመ፤ አንዱ ከአዳማ በስተ ደቡብ ላለው ለቱሉ ሞዬ፣ ሌላው ለአሉቶ። ቱሉ ሞዬ የፈረንሳዩ ሜሪዲያምና የአይስላንዱ ሬይክያቪክ ጂኦተርማል ፕሮጀክት ነው፤ ቁፋሮው በ2020 ሲጀመር ባለሙያ የተባለው ጎረቤት ነበር። ሬይክያቪክ ላይ የተዘራው ዕውቀት ናይቫሻ ላይ አርባ ዓመት አድጎ አርሲ ላይ ደረሰ። ከብዙ የመግባቢያ ሰነድ ይልቅ ይህ መንገድ የተሻለ ትብብር ይመስላል፤ ኬንያዊው ቆፋሪ ያወቀው በዚሁ ዓይነት አለት ላይ፣ በዚሁ ዓይነት እንፋሎት፣ ስቶ ስቶ ነው።

ብድሩም አንድ ወገን ብቻ የሚከፍለው አይደለም። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ 1,045 ኪሎ ሜትር የሚጓዘው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር የኢትዮጵያን ኤሌክትሪክ ለኬንያ ይሸጣል። መስመሩ የሚያርፍበት ሱስዋ ከኦልካሪያ ብዙም አይርቅም። መብራቱ ወደ ደቡብ ይሄዳል፣ የቁፋሮ ጥበቡ ወደ ሰሜን ይመጣል።

አንድም ሜጋዋት የማያመነጭ፣ ነገር ግን ለዚህ ሁሉ መሠረት የሆነ ሌላ ትብብርም አለ። ከአዳማ አጠገብ ያለችው ወንጂ ለአገሬው የስኳር ከተማ ናት፤ ለዓለም የጂኦሎጂ ምሁራን ግን የወንጂ ስንጥቅ ቀበቶ ናት። ስሙን በ1960ዎቹ የሰጠው አዲስ አበባ ያስተምር የነበረው እንግሊዛዊው ፖል ሞር ነው። በ2003 ኢግል በተባለው ፕሮጀክት የእንግሊዝ፣ የአሜሪካና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአንድ ሺህ በላይ የመሬት ንዝረት መለኪያዎች በሁለት ረጃጅም መስመሮች ዘረጉ፤ አንዱ ሸለቆውን ተከትሎ፣ ሌላው ሸለቆውን አቋርጦ። የሚገናኙት አዳማና ቦሰት አካባቢ ነበር። ሆን ብለው ፈንጂ እያፈነዱ ሞገዱ ከመሬት ሥር ምን ነክቶ እንደሚመለስ አዳመጡ። ከዚያ የተረዱት ትልቅ ነገር ሸለቆው የሚሰፋው ዳርና ዳር ባሉት ገደሎች ብቻ አለመሆኑን ነው፤ መሐሉ ላይ፣ በወንጂ ቀበቶ ሥር፣ ቅልጥ አለት እየተሰነቀረ ያሰፋዋል። ሙቀቱ ለመቆፈር ቅርብ የሆነውም ስለዚህ ነው።

ቀጥሎ ተራው የሳተላይት ሆነ። በ2011 የታተመ ጥናት የራዳር ምስሎችን አነጻጽሮ አሉቶ በ2004 እና በ2008 ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር አብጦ እንደነበር አሳየ። ተራራው ላይ ከብት የሚያግድ እረኛ ከእግሩ ሥር መሬቱ አንድ ስንዝር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ከፍ ማለቱን አላወቀም፤ ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚያልፈው ሳተላይት ግን አየ። በ2014 የተጀመረው ሪፍትቮልክ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ከብሪስቶል፣ ከኤድንብራ፣ ከሊድስ፣ ከኦክስፎርድና ከካምብሪጅ ጋር አጣምሮ አሉቶን፣ ቱሉ ሞዬንና ሻሸመኔ አጠገብ ያለውን ኮርቤቲን መረመረ። ጋዝ ከየትኛው ስንጥቅ እንደሚወጣ ማወቅ ለእሳተ ገሞራ ተመራማሪው የአደጋ መረጃ ነው፤ ለቆፋሪው ደግሞ ቀጣዩ ጉድጓድ የት ይሁን ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው። ሁለቱ አንድ ካርታ ይጋራሉ።

አዳማ ራሷ ከዚህ ውጭ አይደለችም። በ1993 የናዝሬት ቴክኒካል ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው የዛሬው አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በጀርመናዊው ኸርበርት አይሸለ፣ ከዚያም በደቡብ ኮሪያዊው ጃንግ ግዩ ሊ ፕሬዚዳንትነት ተመርቷል። ሌላው ትብብር ተርባይን ሲያስመጣ ይህ ፕሬዚዳንት አስመጣ። ከግቢው ቀና ያለ ተማሪ ኮረብታው ላይ የቆመ መማሪያ አለው፤ ተርባይኑ ለምን እንደቆመ ለመጠየቅ ላቦራቶሪ እንኳ አያስፈልገውም።

በ2024 መስከረም ላይ በመተሐራና በአዋሽ አካባቢ መሬት መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወራት ዘለቀ፤ ከ5 በላይ የተለኩ ተደጋገሙ። አዳማና አዲስ አበባ ድረስ ፎቅ ላይ ያለ ሰው ሌሊት ከአልጋው ተነስቶ መብራቱ ሲወዛወዝ አየ፤ በአፋርና በኦሮሚያ ድንበር ላይ ያሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ለቀቁ። የአውሮፓው ሴንቲነል ሳተላይት ምስሎች ላይ ከፈንታሌ ተራራ ሥር ቅልጥ አለት እየተሰነቀረ መሬቱን ሲከፍት ታየ፤ ኢግል በ2003 የገለጸው ዓይነት ክስተት ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በየቴሌቪዥኑ ቀርበው ለሕዝቡ ያስረዱት በዚያ የሃያ ዓመት ሥራ ላይ ቆመው ነው። ፈንታሌ በኢትዮጵያ የጂኦተርማል ቦታዎች ዝርዝር ውስጥም አለ።